በመብራት ማማው ሥር የተነሳሁት ፎቶ

ስልኬ ውስጥ ልሰርዘው ያልቻልኩት አንድ ፎቶ አለ። አልካይ በሚባለው የሲያትል የባሕር ዳርቻ፣ ከነጩ የመብራት ማማ ሥር ቆሜ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ እስቃለሁ። ነፋሱ ሻርፔን ወደ ላይ አንስቶታል፤ በአንድ እጄ ልይዘው እየታገልኩ ነው። ያ ፎቶ ሲነሳ እናቴ አዲስ አበባ ላይ ከተቀበረች ሁለት ቀን አልፏት ነበር። ፎቶውን ያነሳችው የልብ ጓደኛዬ ይህን ታውቅ ነበር። የእድራችን ሰዎች ያውቁ ነበር። በዚያው ጠዋት ከቅዳሴ ስወጣ ጉንጬን ስመው «ደህና ዋዪ» ካሉኝ ሴቶች ግማሾቹ ያውቁ ነበር። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሟቿ ግን የእኔ እናት ነበረች።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በስልክ አይባልም። ብቻውን ላለ ሰው አይባልም። ማልዶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ በር ይንኳኳል። አገር ቤት ይህ ሲሆን ቢዘገይ ለማግስቱ ነው። እዚህ ግን ሁሉም ሠራተኛ ነው፤ አንዱ ኤርፖርት፣ አንዱ ሆስፒታል፣ ሌላው ታክሲ ላይ ነው። ስለዚህ ሲያትል ውስጥ መርዶም ፈረቃ ይጠብቃል። ሰው ሐሙስ ይሞታል፣ ዓርብ ይቀበራል፣ ልጁ ግን ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እረፍት እስኪወጣ ድረስ እየበላ እየጠጣ ይሰነብታል። የእኔ ጊዜ ሰኞ የሠራተኞች ቀን በዓል ሆኖ ተገኘ። ለሁሉም የሚመች ቀን ነው ተባለና ለሰኞ ተቆረጠ።

እናቴ ስኳር ነበረባት። ያን ዓመት እግሯ ቆስሎ ሆስፒታል ስትገባ ታናሽ እህቴን አስማልኳት። «ምንም ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ ለእኔ ደውዪ። ለሌላ ሰው አይደለም፣ ለእኔ። ሳልደርስ አፈር እንዳታለብሷት» አልኳት። «እሺ፣ ማርያምን» አለችኝ። ፓስፖርቴን አሳድሼ ከራስጌዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። ካፒቶል ሂል ላይ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው፣ አልጋ አነጥፋለሁ፤ ለአለቃዬም አስቀድሜ ነግሬያት፣ በደወልኩላት ሰዓት መሄድ እንደምችል ፈቅዳልኛለች። እናትን በሕይወት እያለች ከሩቅ ሆኖም መጦር ይቻላል። መቅበር ግን ከሩቅ ሆኖ አይቻልም። ከዚህ ዓለም የምፈልገው ነገር ያን ያህል ብዙ አልነበረም፤ በገዛ እጄ አፈር ላለብሳት ነበር የፈለግኩት።

ጓደኛዬን ደግሞ ላስተዋውቅ። እዚህ አገር እንደገባሁ ሬኒየር ቢች አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ አብረን ነበር የምንኖረው። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ አንድ የክረምት ጃኬት ነበረን፤ ጃኬቱን የምትለብሰው በዚያ ቀን ሥራ ያላት ናት። በኋላ እሷ አግብታ፣ ወልዳ፣ ሊንውድ ቤት ገዛች። እኔ እዚያው ሰፈር ቀረሁ። ለሰው ሳስተዋውቃት «እህቴ ናት» እል ነበር። የእሷን ስልክ ቁጥር ለአዲስ አበባዋ እህቴ የላክሁላት እኔው ራሴ ነኝ፤ «እኔ ካላነሳሁ ለእሷ ደውዪ» ብዬ። እህቴም መጀመሪያ ለእሷ ደወለች። ለመሐላው ምን ቦታ እንደሰጠችው እስከ ዛሬ አልገባኝም። መርዶ በስልክ ለባለቤቱ አይነገርም የሚለው ልማድ ከማርያም በልጦባት ይሆናል።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ለእናቴ መደወል ልማዴ ነበር። ያን እሑድ ስልኳን ያነሳችው እህቴ ናት፤ ድምጿ ተዘግቷል።

«ምን ሆነሻል?»

«ጉንፋን ነው። እማዬ ጋደም ብላለች፣ አልቀስቅሳት።»

ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማኛል። «ምንድን ነው ጫጫታው?» አልኳት።

«ጎረቤት ነው፣ ሰርግ አለባቸው፣ ድንኳን ተክለው።»

ድንኳኑስ እውነት ነበር።

ከቅዳሴ ስወጣ ጓደኛዬ መኪናዋን በሩ ላይ አቁማ ትጠብቀኛለች። ልጆቹን አባታቸው ዘንድ ትታ ብቻዋን መጥታለች። «ግቢ ግቢ፣ ዛሬ ቤት የለም!» አለችኝ። «ሶ አንቺና እኔ ብቻ፣ እንደ ድሮው። ሳመር እኮ ሊያልቅ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ባሕር አላየንም።» ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ካገባች ወዲህ ለእኔ ብላ አንድ ሙሉ ቀን ሰጥታኝ አታውቅም ነበር።

መኪናው ውስጥ «ስልክሽን አምጪ» አለችኝ። «የእኔ ካሜራው ተበላሽቷል፣ በአንቺ ፎቶ አነሳሻለሁ።» ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ ስልኬን እስከ ማታ አልያዝኩትም። በጠየቅኳት ቁጥር «ቆይ ባትሪውን ሴቭ እያደረግኩልሽ ነው፣ አሁን ደግሞ እዚያ ጋ ቁሚ» ትላለች። ፎቶ አበዛች ብዬ ስቄባታለሁ።

ለምን የመብራት ማማውን እንደመረጠች በኋላ፣ ለቅሶው ሲበርድ፣ ራሷ ነግራኛለች። «ሐበሻ የማይሄድበት ቦታ ፈልጌ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሌሎቹ መናፈሻዎች ሁሉ የእኛ ሰው አይጠፋባቸውም፤ አንዱ ባለማወቅ «የእናትሽን ነፍስ ይማር» ቢለኝ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። የባሕር መብራት ለማየት ግን የሚሄድ ሐበሻ የለም። እኔም በሕይወቴ አንድም አይቼ አላውቅም ነበር፤ በአማርኛ ምን እንደሚባል እንኳ በቅጡ አላውቅም። ማማ የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው።

ማማም ያን ያህል ማማ አይደለም። ከአንድ መካከለኛ ፎቅ ቤት ብዙ አይበልጥም። ነጭ ነው፣ ጣራው ቀይ፣ ከላይ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ትንሽ ክፍል ተደፍቶበታል። ከኋላው ጠባቂዎቹ ከነቤተሰባቸው ይኖሩባቸው የነበሩ ቤቶች አሉ፤ ከፊቱ ድንጋይና ባሕር ነው። በበጋ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሰው ክፍት ይሆናል፤ ጡረታ የወጡ ፈረንጆች በነፃ ያስጎበኛሉ። እኛን ያስጎበኙን ሰማያዊ ኮፍያ ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ነበሩ። የተናገሩትን ሁሉ አስታውሳለሁ። ሰው መኪና ሲገጨው ከመገጨቱ በፊት ያየውን ሁሉ አይረሳም ይባላል፤ እኔም ያን ቀን የሰማሁትን ሁሉ አልረሳሁም። ለመርሳትም ሞክሬያለሁ።

በመጀመሪያ ማማ አልነበረም፣ አሉ ሽማግሌው። የባሕሩ ጫፍ የአንድ ገበሬ ርስት ነበር። ጀልባዎች በጨለማ ከዚያ ጫፍ ጋር እየተላተሙ ሲቸገሩ አየና፣ በራሱ ጊዜ አንድ የላምባ ፋኖስ ከጎተራው ግድግዳ ላይ ሰቀለ። «ማንም አላዘዘውም» አሉ። እየመሸ ሲመጣ ይሰቅለዋል፣ ሲነጋ ያወርደዋል። መንግሥት ነገሩን የሰማው ከቆየ በኋላ ነው፤ ያኔ የተሻለ መብራት በግንድ ላይ አቁሞ ጠባቂነቱን ለዚያው ገበሬ በትንሽ ደመወዝ ሰጠው። ከእሱ ሥራው ወደ ቤተሰቡ ተላለፈ፤ በመጨረሻ መሬቱ ተሸጠ፣ ማማው ተሠራ። ገበሬው በማያውቃቸው ሰዎች ጉዳይ እንዲህ መጨነቁ ገርሞኝ ለጓደኛዬ «ደግ ሰው ነው» አልኳት። «እህ» አለችኝ፣ ወደ ባሕሩ እያየች።

ጠባቂዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ይፈራረቃሉ። ሥራቸው ከባድ አይመስልም ግን አይዘለልም። ፀሐይ ስትጠልቅ መብራቱ ይበራል፣ ሰርግ ቢኖር፣ ለቅሶ ቢኖር፣ ሚስት ምጥ ላይ ብትሆን። ጉም ሲወርድ መብራቱ ስለማይታይ በአየር ግፊት የሚጮህ መለከት ነበራቸው። ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ ይጮሃል፤ የጠባቂዎቹ ልጆች ከልማድ ብዛት መለከቱ ሲጮህ ይተኙና ዝም ሲል ይነቁ ነበር፣ አሉ ሽማግሌው። እዚህ ላይ ስቄያለሁ። ፎቶው ላይ የምስቀው በዚያው ሳቅ፣ ማማው ላይ ከመውጣታችን በፊት ነው።

በጠባቡ ደረጃ ወደ ላይ ወጣን። የድሮው የመብራቱ መስታወት አሁን እዚያ የለም፤ ሙዚየም ገብቷል፤ ሽማግሌው በሥዕል አሳዩን። አንድ ወጥ መስታወት አይደለም። እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ የተጠረበ፣ ክብ በክብ የሆነ፣ ትንሽ ልጅ የሚያህል ነገር ነው። ከመሐሉ የምትቀመጠው ኩራዝ ራት የምንበላበትን ክፍል ያህል ብቻ የምታበራ ነበረች፤ መስታወቱ ግን ብርሃኗን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ አቅጣጫ ስለሚልከው ከሩቅ ባሕር ላይ ትታያለች። ቀን ቀን ደግሞ መጋረጃ ይጋርዱበት ነበር። «ለምን?» አልኳቸው። መስታወቱ ከውስጥ የወጣውን ብርሃን እንደሚሰበስብ ሁሉ ከውጭ የሚገባውን ፀሐይም ይሰበስባል፤ ካልተጋረደ ቤቱን ያቃጥለዋል አሉኝ። ጓደኛዬ ይሄኔ ወደ ውጭ ወጣች።

ተከትያት ስወጣ ከብረቱ መከታ ተደግፋ ታለቅሳለች። «ምነው?» ስላት «ነፋሱ ነው፣ ዓይኔን» አለችኝ። በሻርፔ ጫፍ ዓይኗን ጠረግኩላት። አቀፍኳት። ከባሏ ጋር ተጣልታ ይሆናል ብዬ አስቤ «ሁሉም ያልፋል፣ አይዞሽ» አልኳት። እኔ ነኝ እሷን ያጽናናሁት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ስንወርድ ሽማግሌው የመጨረሻውን ነገሩን። እያንዳንዱ የባሕር መብራት የራሱ አበራር አለው። አንዱ በቶሎ ብልጭ ይላል፣ አንዱ ቆይቶ፣ አንዱ ቀይ ያፈራርቃል። መርከበኛው በሁለት ብልጭታ መካከል ያለውን ጨለማ ይቆጥርና የት እንዳለ ያውቃል። አሁን ጠባቂ የለም፤ ሁሉም ሌት ተቀን በራሱ ይሠራል፤ አንዱ አምፖል ሲቃጠል ትንሽ መዘውር ዞራ ሌላውን ታቀርባለች። መርከቦቹም ቦታቸውን በሌላ መሣሪያ ያውቁታል። መብራቱ ግን አልጠፋም። ማንም ሳያየው ቢያድርም ይበራል አሉ።

ከዚያ ጓደኛዬ ባሕር ዳር ዓሣ ጋበዘችኝ። «ብዪ፣ ብዪ እንጂ» እያለች ከራሷ ሳህን እያነሳች ወደ እኔ ትጨምራለች። የነገው ስንቅ መሆኑን አላወቅኩም። ለቅሶኛ እህል እንደማይቀምስ ታውቃለች፤ ለነገ ሆድ ይያዝልኝ ብላ ነው። በላሁ። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ የዓሣ አጥንት እመጥጣለሁ።

ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው የኮሪደሩ ጫፍ እስከማይታይ ድረስ ሰው ነው። ነጠላዎቹ ተዘቅዝቀዋል። የእድራችን ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከፊት ቆመዋል። ከጎናቸው ጓደኛዬ፣ ትናንት ዓሣ ያበላችኝ። «ማነው?» ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሎች ናቸው የሚያውቁት።

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔን ያረዱኝ ግን አንዳቸውም ያልነበሩ፣ አንዳቸውም ያልቀበሩ ናቸው። ከእናቴ መቃብር በነበረን ርቀት እኔና እነሱ እኩል ነበርን።

አዲስ አበባ የደረስኩት ለአርባዋ ነው። አፈሩ ደርቆ፣ አበባው ጠውልጎ ነበር። እህቴን ጠየቅኳት። «ቃል ገብተሽልኝ ነበር።»

«ልንጠብቅሽ ነበር እኮ» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። «ሬሳውን ሆስፒታል አቆይተን እንጠብቃት ወይ ብለን ጠይቀን ነበር። ከዚያው ከእናንተ ዘንድ ነው አትጠብቋት የተባልነው።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ከዚያው ነው አልኩሽ እኮ። አሁን ምን ይሠራልሻል? ተይው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐዘኔ ሐዘን ብቻ መሆኑ ቀረ። እናቴ ያለእኔ የተቀበረችው ርቀት አሸንፎኝ ሳይሆን አንድ ሰው «አትጠብቋት» ስላለ ነው። ልደርስ እችል ነበር። ተመልሼ ጓደኛዬን ስጠይቃት «እኔ ምኑን አውቃለሁ? ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚወስኑት» አለችኝ። አመንኳት። ለምን አላምናትም? ለቅሶዬን የተቀመጠችው እሷ ናት፣ ድስት ያጠበችው እሷ ናት፣ ስባንን እጄን ይዛኝ የነጋላት እሷ ናት። ስለዚህ ቂሜን በሙሉ ጋሼ ላይ አኖርኩት። እድር ስብሰባ ላይ እጃቸውን አልጨብጥም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሳያቸው መንገዴን እቀይራለሁ። እሳቸው ግን ባገኙኝ ቁጥር ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ያ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር።

የመብራት ማማው ዘንድ አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን እሄድ ነበር። እድፋም አንሶላ ስለቅም ውዬ፣ አውቶቡስ ቀያይሬ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ብልጭታውን አያለሁ። መርከበኛው እንዳይደነግጥ ብሎ መብራት የሚያጠፋ ጠባቂ ኖሮ አያውቅም። ይህን ለራሴ ስለው ትንሽ ይቀለኛል፤ ከዚያ ተመልሶ ይብስብኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ እንደማትወጂኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለእሷ ካንቺ የሚቀርብ የለም» አሉኝ። የጓደኛዬ አባት በዚያ ሌሊት አርፈዋል። ወንድሟ ከአዲስ አበባ ለእሳቸው ደውሏል። መርዶው ለቅዳሜ ጠዋት ታስቧል፤ እስከዚያ አንድ ሰው ይዟት ወጣ ወጣ ይበል፣ ስልኳንም በዘዴ ይያዝላት።

«በእኔ እናት ጊዜ እንዳላችሁት ‹አትጠብቋት› ልትሉባት ነው?» አልኳቸው።

«እኔ?» አሉ። «ልጄ፣ የእናትሽን ነገር እኔ የሰማሁት ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነው።»

ዘጋሁባቸው። ሽማግሌ ሲዋሽ እንዴት ያስጠላል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ለወንድሟ ደወልኩ። እኔን ያውቀኛል። «እንዳትቀብሯቸው» አልኩት። «ከዚያ ያሉት ሽማግሌ እኮ ለቅዳሜ ነው የምንነግራት ብለውኛል» አለ። «እኔ ነኝ የምልህ። ዛሬ ትነሳለች። ጠብቋት።» ለባሏም ደወልኩ፤ ልጆቹን ይዞ እንዲወጣ ተነግሮት ገበያ አዳራሽ ውስጥ ይንከራተታል። ትኬት ፈልጎ ፓስፖርቷን ይዞ ኤርፖርት እንዲጠብቀን ነገርኩት። ሰውየው ስልኩ ላይ አለቀሰ፤ «እኔስ መደበቁን አልቻልኩትም ነበር» አለኝ።

እስከ ሊንውድ ድረስ፣ በቅርቡ በገዛኋት መኪና ውስጥ ተለማመድኩት። «አባትሽ አርፈዋል።» ሁለት ቃል ነው። በሯ ላይ ቆሜ እነግራታለሁ፣ ፊት ለፊት፣ እንደ ሰው። በሩን ስትከፍት ፀጉሯ በግማሽ ተሠርቷል፤ ስታየኝ ሳቀች። «አንቺ! ዛሬ ከየት ተገኘሽ?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ልበሺ፣ ወጣ እንበል» የሚል ነው። እንዲህ ቀላል ኖሯል ለካ። ማንም አላስገደደኝም፤ አፌ በራሱ ነው የሄደው።

መንገዱን ሙሉ አወራች። ስለ ልጆቿ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ወገቧ። «ኮል አደርግልሻለሁ እያልኩ፣ እነዚህ ልጆች መቼ ያስቀምጡኛል» ትላለች። በመሐል ስልኳን አወጣች። «እስቲ ለአባዬ ኮል ላድርግለት፣ ዛሬ አልደወልኩለትም።»

«ቆይ ስንደርስ» አልኳት። ይህንንም እኔ አልኩት።

የት እንደምሄድ አላሰብኩም ነበር። ኤርፖርት የሚወስደውን መንገድ ትቼ ወደ ምዕራብ የሚያሻግረውን ድልድይ ስይዝ ያየሁት እጄን ነው። ክፋት አልነበረበትም ብዬ አልምልም። ከድልድዩ ወርደን ባሕሩ ዳር ስንደርስ ወሬዋ እየቀነሰ መጣ። «እዚህ ምን እንሠራለን?» አለች። መንገዱ ታጠፈ፤ በቤቶቹ መሐል ቀዩ ጣራ ብቅ አለ። እጇን ከፊቷ ባለው የመኪናው አካል ላይ ጫነች፣ ፍሬን የምትይዝ ይመስል። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

«ማነው?» አለችኝ።

መኪናውን አቆምኩ።

«አባቴ ነው?»

«አዎ። አባትሽ ናቸው፣ ዛሬ ሌሊት። አልተቀበሩም። ወንድምሽ እየጠበቀሽ ነው፣ ባልሽ ፓስፖርትሽን ይዞ ኤርፖርት ነው። ትደርሻለሽ።»

ጮኸች። «አባዬ! አባዬ!» እያለች ደረቷን ደቃች፤ ውሻ የሚያናፍሱ ፈረንጆች ቆመው አዩን፣ አንዷ ሴት መስኮቱን አንኳኩታ ርዳታ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀች። እጇን ያዝኩ። ለብዙ ጊዜ እንዲያ ሆነች። ከዚያ ድንገት ቀና ብላ «ይጠብቁኛል?» አለች።

«ይጠብቁሻል።»

«አንቺ ነሽ ያስጠበቅሽልኝ?»

«አዎ።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከነጠላው ውስጥ ነው የተናገረችው። «እህትሽ ያኔ ‹እንጠብቃት ወይ› አለችኝ። አትጠብቋት ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ አይደሉም?»

«እሳቸው ምንም አያውቁም ነበር። ቅዳሜ ነው የነገርኳቸው።»

«ለምን?»

«ብቻሽን ሁለት አውሮፕላን እየቀየርሽ፣ ስታለቅሺ፣ ማን ይይዝሻል ብዬ ፈራሁ። ስትደርሺም ሬሳ ነው የምታዪው። አልችልሽም ብዬ… ለአንቺ ብዬ ነው።»

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ። በእኔ እጅ መሪ ነበር። እዚያው ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ ድልድዩን ብስት፣ ነዳጅ ልቅዳ ብዬ ብቆም፣ አውሮፕላኑ ያመልጣት ነበር። ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ «በድንጋጤ መንገድ ጠፋባት» ይባላል፣ ያልቃል። ይህን ሁሉ አሰብኩት። ረጋ ብዬ፣ አንድ በአንድ አሰብኩት። ማማው ከፊታችን ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብልጭ ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት ሽማግሌው እንዳሉት በመሐል ያለውን ጨለማ ቆጠርኩ። የት እንዳለሁ ግን አላወቅኩም።

መኪናውን አዙሬ ወደ ኤርፖርት ነዳሁ። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ እጇን ወደ እጄ አስጠጋች፤ ማርሽ የምቀይር መስዬ አነሳሁት፤ መኪናዬ አውቶማቲክ ነው።

መንገደኛ በሚወርድበት በር ላይ ባሏ ሻንጣና ፓስፖርት ይዞ፣ ልጆቹን ከኋላው አቁሞ ይጠብቃል። ትንሿ ልጇ በእንግሊዝኛ እናቷ ምን እንደሆነች ትጠይቃለች፤ የሚመልስላት ሰው የለም። ጓደኛዬ በሩን ከፈተች፣ አንድ እግሯን አወጣች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ አብጦ ሊከደን ነው።

«ይቅር በይኝ» አለችኝ።

ይቅር ልላት ፈልጌ ነበር። ልሰድባትም ፈልጌ ነበር። እናቴን መቅበር ነበር የፈለግኩት፤ እሱን ግን ማንም አይመልስልኝም።

«መጀመሪያ አባትሽን ቅበሪ» አልኳት። ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክስ አደረገብኝ፤ በሩን ስትዘጋው ነዳሁ።